ጋምቢት ያዋጣል? ወታደር ከፍሎ ጊዜ ስለመግዛት

ቼዝ የሚጫወት ሰው ሁሉ አንድ ቀን ይህ ይገጥመዋል። ጨዋታው ገና ሳይሟሟቅ ተጋጣሚው አንድ ወታደር ያቀርብለታል። ወታደሩ ጠባቂ የለውም፤ ቢበላ የሚያስከትለው ጣጣም አይታይም። ይበላዋል። ጥቂት እርምጃዎች እንደሄዱ ንጉሡን መውጫ አጥቶ ያገኘዋል። ካርቱም ውስጥ ከሱዳናውያን ጋር ሰሌዳ ዘርግቶ የተጫወተ ኢትዮጵያዊ በዚህ ጊዜ የምትሰማውን ቃል ያውቃታል፦ «ኪሽ ማሊክ!» ሻይ ከሚያፈሉት ሴቶች ዘንድ በርጩማ ላይ ተቀምጦ በስልክ የሚጫወተው ደግሞ ሽንፈቱን በጽሑፍ ያነበዋል። ጥያቄው ግን የሁለቱም አንድ ነው። ይህ ነገር የምር ጨዋታ ነው ወይስ ወጥመድ ብቻ? እኔም ልማረው ወይስ ልተወው?

ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ለዚያ ጥያቄ መልስ እንዲሆን ነው። በእርግጥ ጥያቄው ሁለት ነው። የመጀመሪያው «ተጋጣሚዬ ትክክለኛውን መልስ ቢሰጥ ጋምቢቱ ይቆማል ወይ?» የሚል ነው። ሁለተኛው «እኔ ባለሁበት ደረጃ፣ እኔ በምጫወተው ሰዓት ይጠቅመኛል ወይ?» የሚል ነው። አንደኛው በሰሌዳው ላይ ይመለሳል፤ ሁለተኛው እንደ ተጫዋቹ ይለያያል። ስለ ጋምቢት ሲነሳ ክርክሩ ማለቂያ የሚያጣው አንዱ ስለ መጀመሪያው ሌላው ስለ ሁለተኛው እያወራ ስለሆነ ነው።

ጋምቢት ምንድን ነው?

ጋምቢት በጨዋታው መክፈቻ ላይ አንድ ወታደር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ አውቆ መስጠት ነው። ሰጪው በምትኩ ከሦስት ነገሮች አንዱን ወይም ሁሉንም ይፈልጋል፦ ጊዜ፣ ክፍት መስመር እና የተጋጣሚውን ንጉሥ መጋለጥ።

ጊዜ ሲባል የእጅ ሰዓት አይደለም፤ የእርምጃ ቁጥር ነው። ነጭ ሁለት ፈረስና አንድ ጳጳስ አውጥቶ ጥቁር አንድ ፈረስ ብቻ ካወጣ፣ ነጭ በሁለት እርምጃ ቀድሟል ይባላል። ተጫዋቾች በልምድ የሚሰጡት ግምት አለ። ወታደር 1፣ ፈረስና ጳጳስ 3፣ ግንብ 5፣ ንግሥት 9 ተብለው ይቆጠራሉ። ሦስት እርምጃ መቅደምም ከአንድ ወታደር ጋር ይመጣጠናል ይባላል። ይህ ሕግ አይደለም፤ መነሻ ግምት ነው። ነገር ግን የጋምቢትን ሒሳብ ለመጀመር ይበቃል። አንድ ወታደር ከፍዬ ስንት እርምጃ ገዛሁ? የገዛሁትስ ሳይባክን በፊት ምን ላደርግበት ነው?

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ልብ ሊባል ይገባል። ወታደር ከተበላ ወዲያ አይመለስም፤ የወታደሩ ጉድለት እስከ ጨዋታው ፍጻሜ አብሮ ይሄዳል። የተገዛው ጊዜ ግን እያለቀ የሚሄድ ነው። ተጋጣሚው ኃይሉን ሁሉ አውጥቶ ንጉሡን ጥግ ካስገባ፣ ያ ሁሉ መቅደም ትርጉም ያጣል። ጋምቢት የሚጫወት ሰው የሚቸኩለው ለዚህ ነው፤ መቸኮልም አለበት።

የእኛ ሰንጠረዥና የሱዳን ሲጃ

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ነገሩን የሚያብራራ ጥሩ ማነጻጸሪያ በገዛ ታሪካችን አለ። ቼዝ፣ በእኛ ስሙ ሰንጠረዥ፣ አገራችን ከገባ ብዙ መቶ ዓመታት አልፈዋል። ዐፄ ልብነ ድንግል በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከአንድ የቬኒስ ሰዓሊ ጋር ይጫወቱ እንደነበር ተጽፏል። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሄንሪ ሶልት በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በትግራይ ገዥ በራስ ወልደ ሥላሴ ግቢ ሰንጠረዥ ሲጫወቱ አይቷል። የብሪታንያ ቆንስል የነበረው ዋልተር ፕላውደን የጨዋታውን ሕግ በዝርዝር ጽፎ ትቶልናል። ሪቻርድ ፓንክረስትም እ.ኤ.አ. በ1971 በጆርናል ኦፍ ኢትዮጵያን ስተዲስ ስለ ሰንጠረዥ ታሪክና ሕግ ሰፊ ጽሑፍ አውጥተዋል።

ሰንጠረዥን ከሌላው ዓለም ቼዝ የሚለየው አጀማመሩ ነው። ወረራ ይባላል። በወረራ ጊዜ ተራ የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ፣ እያንዳንዱ እንደ እጁ ፍጥነት፣ የፈለገውን ያህል እርምጃ ይሄዳል። አንዱ የሌላውን አሰላለፍ እያየ የራሱን ይለውጣል። ይህ የሚቆመው የመጀመሪያው መብላት ሲመጣ ነው፤ ከዚያ በኋላ ተራ በተራ ይሆናል። ሱዳናውያን አሸዋ ላይ ሃያ አምስት ጉድጓድ ምሰው በሚጫወቱት ሲጃም ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ነገር አለ። እዚያ ተራ ይጠበቃል፤ ሆኖም ጠጠሮቹ ተደርድረው እስኪያልቁ ድረስ መብላት የለም።

ታዲያ በወረራ ላይ ጋምቢት ምን ሊያደርግ ይችላል? ምንም። ተራ በሌለበት፣ ጊዜ ዋጋ የለውም፤ ማንም የፈለገውን ያህል መሄድ ይችላልና። በወታደር የሚገዛ ነገር የለም። ከዚህም በላይ በንግሥትና በጳጳስ ቦታ የሚቆሙት የሰንጠረዥ ፈርዝና ፊል አጭር እርምጃ የሚሄዱ ናቸው፤ ንጉሥን ከሩቅ በአንድ ዝላይ አያስጨንቁም። በአውሮፓ ግን በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ስፔንና ጣሊያን ውስጥ ሕጉ ተለወጠ። ንግሥትና ጳጳስ ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጡ ሆኑ። ያኔ አንድ እርምጃ መቅደም ንጉሥ እስከመግደል የሚያደርስ ኃይል አገኘ፤ ጋምቢትም ዋጋ ያገኘው በዚያ ለውጥ ነው። ስለዚህ ማንኛውንም ጋምቢት ስንመዝን የምንጠይቀው ይህንኑ ነው፦ የተገዛው ጊዜ በእርግጥ የሚያደርስ ጊዜ ነው?

ሰሌዳውን ለማንበብ

ከዚህ በታች ላሉት ምሳሌዎች የሰሌዳውን መስመሮች በነጭ በኩል ከግራ ወደ ቀኝ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ፣ ረ፣ ሰ፣ ሸ እንበላቸው። ረድፎቹ ከነጭ ጀምረው ከ1 እስከ 8 ይቆጠራሉ። የነጭ ንጉሥ ሠ1 ላይ፣ የጥቁር ንጉሥ ሠ8 ላይ ይነሳል። ንግሥቶቹ መ1 እና መ8 ላይ ናቸው። ካርቱም ላይ የተጫወተ ሰው ንግሥትን ወዚር፣ ጳጳስን ፊል ብሎ ሊያውቃቸው ይችላል፤ አካሄዳቸው ያው ነው። ሰሌዳ ዘርግቶ ወይም ስልክ ከፍቶ እየተከተሉ ማንበብ ይሻላል።

በስምንት እርምጃ የሚገድለው

በኢንተርኔት ጨዋታ ላይ ከተስፋፉት ጋምቢቶች አንዱ ስታፎርድ ይባላል። እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ ብዙ ሰው ያወቀው አሜሪካዊው ተጫዋች ኤሪክ ሮዘን በቪዲዮ ሲያሳየው ነው። እንዲህ ይሄዳል።

ነጭ ወታደሩን ወደ ሠ4፣ ጥቁር ወደ ሠ5 ያስኬዳሉ። ነጭ ፈረሱን ረ3 ላይ፣ ጥቁር ረ6 ላይ ያወጣሉ። ነጭ ሠ5 ላይ ያለውን ወታደር በፈረሱ ይበላል። ጥቁር እንዳላየ ሆኖ ሌላውን ፈረስ ሐ6 ላይ ያወጣል። ነጭ ያንን ፈረስ ይበላዋል፤ ጥቁር በመ መስመር ወታደሩ መልሶ ይበላል። አሁን ጥቁር አንድ ወታደር ጎድሎታል። በምትኩ ሁለቱም ጳጳሶቹ መንገድ ተከፍቶላቸዋል፤ አንድ ፈረሱም ወጥቷል። ነጭ ግን ከወታደር በቀር የወጣ ኃይል የለውም።

አምስተኛው እርምጃ ላይ ነጭ ወታደሩን ወደ መ3 ይገፋል፤ ጥቁር ጳጳሱን ሐ5 ላይ ያወጣል። ስድስተኛው ላይ ነጭ በጣም ተፈጥሯዊ የሚመስል ነገር ያደርጋል። ጳጳሱን ሰ5 ላይ ያስቀምጥና የጥቁርን ፈረስ ያስራል። ፈረሱ ቢነሳ ከኋላው ንግሥት ትበላለችና። ጥቁር ፈረሱን ያነሳዋል፤ ሠ4 ላይ ያለውን ወታደር ይበላበታል። ነጭ በደስታ ንግሥቲቱን መ8 ላይ ይበላል። ጥቁር በጳጳሱ ረ2 ላይ ያለውን ወታደር በልቶ ቼክ ይላል። ንጉሡ መሄጃው ሠ2 ብቻ ነው። ጥቁር ሁለተኛውን ጳጳስ ሰ4 ላይ ያሳርፋል፤ ጨዋታው አለቀ።

ነጭ ንግሥት በልቶ ስምንተኛው እርምጃ ላይ ሞተ። ሁለት ጳጳስና አንድ ፈረስ ባዶውን የንጉሥ ሠፈር ሲያጥሩት እያንዳንዱ መውጫ በራሱ ሰዎች ወይም በጠላት ተይዟል። ሰባተኛው ላይ ነጭ ንግሥቲቱን ትቶ ፈረሱን ቢበላ እንኳ ያው ጳጳስ ረ2 ላይ ቼክ ብሎ የነጭን ንግሥት ያስነጥቀዋል። ይህን ያየ ወጣት ጋምቢቱን ቢወደው አይፈረድበትም። ውበት አለው።

ነገር ግን ወደ ስድስተኛው እርምጃ እንመለስ። ነጭ ጳጳሱን ወደ ሰ5 ከመላክ ይልቅ ሠ2 ላይ በጸጥታ ቢያስቀምጠውስ? የንጉሡ ፊት ተዘጋ። ቀጥሎ ወታደሩን ሐ3 ላይ አድርጎ ሌላውን ወደ መ4 ሲገፋ፣ ሐ5 ላይ ያለው አስፈሪ ጳጳስ አቅጣጫው ይዘጋበታል፤ መሸሽም ግድ ይሆንበታል። ጥቁር አሁንም ያስፈራራል፤ ነጭም መጠንቀቅ አለበት። ሆኖም በትክክል ከተመለሰ ጥቁር የሚቀረው የጎደለ ወታደርና በሐ መስመር ላይ የተደራረቡ ሁለት ወታደሮች ናቸው። የቼዝ ኮምፒውተሮች ይህን አቀማመጥ ሲመዝኑ ነጭን ከአንድ ወታደር በላይ በሆነ ልዩነት ያስቀድሙታል።

እንግዲህ ስታፎርድ በመጀመሪያው ጥያቄ ወድቋል። የተገዛው ጊዜ ነጭ ካልተሳሳተ የትም አያደርስም።

ስሙ ጋምቢት፣ ሥራው ሌላ

በሌላው ጫፍ የንግሥት ጋምቢት አለ። ነጭ መ4፣ ጥቁር መ5፣ ነጭ ሐ4። የሐ4 ወታደር ለመበላት የቀረበ ይመስላል። ጥቁር ቢበላውም ችግር የለም፤ ይህም የተከበረ አጨዋወት ነው። ችግሩ የሚመጣው የበላውን ይዞ ለመቅረት ሲሞክር ነው።

ጥቁር ሐ4 ላይ በላ። ነጭ ወታደሩን ወደ ሠ3 ሲገፋ ጳጳሱ ሐ4ን ማየት ይጀምራል። ጥቁር ወታደሩን ለማዳን ለ5 ይላል። ነጭ ሀ4 ብሎ ያንን አጥር ይነካዋል። ጥቁር ሐ6 ብሎ ይደግፋል። ነጭ በሀ ወታደር ለ5ን ይበላል፤ ጥቁር በሐ ወታደር መልሶ ይበላል። አሁን ነጭ ንግሥቲቱን ረ3 ላይ ያወጣል። ከረ3 እስከ ሀ8 ያለው ሰያፍ መስመር ሙሉ በሙሉ ክፍት ነው፤ መጨረሻው ላይ የጥቁር ግንብ ቆሟል። ጥቁር ግንቡን ለማዳን ፈረስ ወይም ጳጳስ መክፈል አለበት። አንድ ወታደር ለማትረፍ ሲባል ከሦስት ወታደር ጋር የሚመዘን ኃይል ሄደ።

ከዚህ የምንማረው የንግሥት ጋምቢት እውነተኛ ስጦታ አለመሆኑን ነው። ወታደሩ ተመላሽ ነው። ስለዚህ ከዓለም ሻምፒዮና እስከ ጀማሪ ክበብ ድረስ ያለ ሥጋት ይጫወቱታል። «ጋምቢት አደገኛ ነው» ወይም «ጋምቢት ጥሩ ነው» ብሎ በጅምላ መፍረድ የማይቻለውም ለዚህ ነው። በአንድ ስም የሚጠሩት ነገሮች የሚከፍሉት ዋጋ ከምንም ጀምሮ እስከ ሙሉ ወታደርና ከዚያም በላይ ይደርሳል።

ክርክሩ ያለው መሐል ላይ ነው

ብዙ ዕድሜ ያስቆጠረው የንጉሥ ጋምቢት ነው። ነጭ ሠ4፣ ጥቁር ሠ5፣ ነጭ ረ4። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የጀግና ጨዋታ ይህ ነበር። አዶልፍ አንደርሰን እ.ኤ.አ. በ1851 ለንደን ላይ ሊዮኔል ኪዘሪትስኪን ያሸነፈበት፣ ሁለት ግንብ፣ አንድ ጳጳስና ንግሥት ሰጥቶ ማት ያደረገበት ጨዋታ የተከፈተው በንጉሥ ጋምቢት ነው። ያ ጨዋታ ዛሬም «የማይሞተው» እየተባለ ይጠራል።

የዚህ ጋምቢት ዋጋ ግን ከወታደር በላይ ነው። የረ መስመር ወታደር የንጉሡ የራሱ መከለያ ነው። እርሱ ሲሄድ ከሸ4 የሚመጣ የንግሥት ቼክ መንገድ ይከፈታል። ቦቢ ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1960 ማር ዴል ፕላታ ላይ በዚህ ጋምቢት በቦሪስ ስፓስኪ ከተሸነፈ በኋላ፣ በ1961 ጋምቢቱ ፈርሷል ብሎ ጽሑፍ አወጣ። ያቀረበው መልስ ወታደሩን ከበሉ በኋላ መ6 ብሎ መጠበቅ ነው። የሚገርመው ፊሸር ራሱ በኋላ የንጉሥ ጋምቢትን በነጭ በኩል ተጫውቶ አሸንፏል። ይህ ሁለቱን ጥያቄዎች በአንድ ሰው ላይ ያሳየናል። በሰሌዳው ሒሳብ ጋምቢቱ ለጥቁር የተሻለ ነው ብሎ አመነ፤ ተጋጣሚዎቹን ለማሸነፍ ግን ይበቃል ብሎ ያዘው። ዛሬ ኮምፒውተሮችም ጥቁርን በጥቂቱ ያስበልጣሉ፤ ያ ብልጫ ግን ሰዎች ሲጫወቱ በአንድ ስሕተት የሚጠፋ ነው።

ከንጉሥ ጋምቢት ይልቅ ሚዛኑ የተስተካከለው የኢቫንስ ጋምቢት ነው። የፈጠረው የዌልስ ተወላጅ የመርከብ ካፒቴን ዊልያም ዴቪስ ኢቫንስ ነው፤ ዘመኑ 1820ዎቹ። ነጭ ሠ4፣ ፈረስ ረ3፣ ጳጳስ ሐ4 ይላል፤ ጥቁር ሠ5፣ ፈረስ ሐ6፣ ጳጳስ ሐ5 ብሎ ይመልሳል። አራተኛው ላይ ነጭ ወታደሩን ለ4 ላይ ያቀርባል። የጥቁር ጳጳስ ይበላዋል። ነጭ ሐ3 ብሎ ጳጳሱን ይነካዋል፤ ጳጳሱ እንደገና መንቀሳቀስ አለበት። በዚያ መሐል ነጭ መ4ን ይገፋል፤ መሐል ሜዳውን ይይዛል፤ ንጉሡንም ጥግ ያስገባል። ሒሳቡ እጅ ላይ የሚቆጠር ነው። ጥቁር በአንድ ጳጳስ ሲመላለስ ነጭ መሐሉን ያዘ።

ኢቫንስን ያደበዘዘው ብልሃት ለብዙ ጋምቢት የሚሠራ ነው። በኢማኑኤል ላስከር ስም የሚጠራው መከላከያ ጳጳሱን ወደ ሀ5 ይመልሳል፤ ቀጥሎ መ6፣ ከዚያ ጳጳሱን ለ6 ያስገባል። ነጭ ወታደሩን መልሶ መውሰድ ይችላል። ቢወስድ ግን ንግሥቶች ይለዋወጡና የነጭ ጥቃት ይሞታል፤ የጥቁር ወታደሮችም የተሻለ አሰላለፍ ይዘው ይቀራሉ። ጥቁር የበላውን መልሶ ሰላም ገዛ ማለት ነው። ይህ ቢሆንም ጋሪ ካስፓሮቭ እ.ኤ.አ. በ1995 ሪጋ ላይ ቪስዋናታን አናንድን በኢቫንስ በ25 እርምጃ አሸንፎታል። አናንድ የላስከርን መንገድ አልሄደም፤ ጳጳሱን ወደ ሠ7 መለሰ። ኢቫንስ ዛሬም የሚቆም ጋምቢት ነው፤ ብልጫ ባይሰጥም አያዋርድም።

ጊዜው የማያልቅበት ጋምቢት

ከላይ የተገዛ ጊዜ ያልቃል ብለናል። ከዚህ የሚወጡ ጋምቢቶች አሉ፤ የተሻሉትም እነርሱ ናቸው። ሃንጋሪያዊ-አሜሪካዊው ፓል ቤንኮ ባስፋፋው ጋምቢት ነጭ መ4፣ ጥቁር ፈረስ ረ6፣ ነጭ ሐ4፣ ጥቁር ሐ5፣ ነጭ መ5 ካለ በኋላ ጥቁር ለ5 ብሎ ወታደር ያቀርባል። ነጭ ለ5 ላይ ይበላል፤ ጥቁር ሀ6 ሲል እዚያም ይበላል። ጥቁር የሀ እና የለ መስመሮች ተከፍተውለት ግንቦቹን በሁለቱ ላይ ያቆማል፤ ጳጳሱን ሰ7 ላይ አስቀምጦ በረጅሙ ሰያፍ ያነጣጥራል። ማት የሚባል ነገር አያሳድድም። ክፍት መስመሮቹ ግን በአሥረኛውም በአርባኛውም እርምጃ እዚያው ናቸው፤ ንግሥቶች ቢለዋወጡም ጫናው አይነሳም።

የማርሻል ጥቃት ደግሞ ፍርድ እንዴት እንደሚገለበጥ ያሳያል። ፍራንክ ማርሻል እ.ኤ.አ. በ1918 ኒው ዮርክ ላይ ከሆሴ ራውል ካፓብላንካ ጋር ሲገናኝ በስፔን መክፈቻ ስምንተኛው እርምጃ ላይ መ5 ብሎ ወታደር ሰጠ። ካፓብላንካ ጥቃቱን ሁሉ ተቋቁሞ አሸነፈ። ሰው በዚያ ውጤት ቢፈርድ ጋምቢቱ ተቀብሮ ይቀር ነበር። ኋላ ግን ስፓስኪ በ1965 በዕጩዎች ውድድር ከሚካኤል ታል ጋር ተጠቀመበት። ዛሬ ታላላቅ ተጫዋቾች በነጭ በኩል ሲቀመጡ ማርሻል እንዳይደርስባቸው ቀደም ብለው መንገድ ይቀይራሉ። አንድ ሽንፈት አንድን ጋምቢት አያፈርስም፤ አንድ ድልም አያቆመውም።

ለእርስዎ ያዋጣል?

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንምጣ። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 2023 በሱዳን ጦርነት ከተነሳ በኋላ ብዙ የካርቱም ነዋሪ፣ ኢትዮጵያዊውም ሱዳናዊውም፣ በየአገሩ ተበተነ። አብሮ ሰሌዳ የከበበ ሰው ዛሬ መገናኛው ስልክ ነው። የስልክ ጨዋታ ብዙ ጊዜ ለአንድ ሰው ሦስት ወይም አምስት ደቂቃ ብቻ ይሰጣል፤ ይህም የጋምቢትን ዋጋ ይለውጠዋል። የስታፎርድ ማክሸፊያ የሚጀምረው ጳጳስ ሠ2 በማለት ነው ብለናል። ያንን አስቀድሞ የማያውቅ ሰው በሃያ ሰከንድ ውስጥ ላያገኘው ይችላል። አጥቂው ቤቱ ሠርቶ የመጣውን ይጫወታል፤ ተከላካዩ እዚያው ያስባል። ስለዚህ በሰሌዳው የወደቀ ጋምቢት በአጭር ሰዓት ያሸንፋል። ይህ እውነት ነው፤ መካድ አያስፈልግም።

ግን ዋጋ አለው። በወጥመድ ላይ ብቻ የቆመ ጋምቢት የሚያስተምረው ተጋጣሚን መጠበቅን ነው። አሥር ጊዜ ያሸነፈ ሰው አሥሩንም ያሸነፈው በዚያው ስሕተት ነው። ደረጃው ከፍ ሲል ተጋጣሚው አይሳሳትም፤ ያኔ ወታደር ጎድሎት፣ መሐለኛውንና የመጨረሻውን ጨዋታ ሳያውቅ ይገኛል። ወጣቶቻችን በዚህ መንገድ ሲባክኑ ማየት ያሳዝናል። ተሰጥኦ አላቸው፤ ያጡት የሚያሳድግ ልምምድ ነው። ኢቫንስ የሚጫወት ጀማሪ ግን ሲሸነፍም ይማራል። ኃይልን ቶሎ ማውጣት፣ መሐሉን መያዝ፣ መስመር መክፈት፣ ንጉሥን ሳይዘገዩ ጥግ ማስገባት፤ እነዚህ የትኛውም ጨዋታ ውስጥ የሚሠሩ ናቸው።

አንድን ጋምቢት ከመያዝዎ በፊት ሦስት ነገር ይፈትሹ። መጀመሪያ፣ ተጋጣሚው ሊሰጥ የሚችለውን ጠንካራ መልስ ይፈልጉና ከዚያ በኋላ ያለውን አቀማመጥ ይዩ፤ መጫወት ያስደስትዎታል ወይስ ምሕረት መለመን ነው የሚሆነው? ሁለተኛ፣ ተጋጣሚው ወታደሩን ቢመልስ ምን ይቀርዎታል? እኩል ጨዋታ ከቀረ መልካም ነው፤ የባሰ ከቀረ ይተዉት። ሦስተኛ፣ የሰጡት ወታደር የራስዎን ንጉሥ የሚከልል ነው ወይስ አይደለም? የሚከልል ከሆነ ዋጋውን እጥፍ አድርገው ይቁጠሩት።

ጋምቢት ሲቀርብብዎት

የተከላካይ ምክር አጭር ነው። የመጀመሪያውን ወታደር መብላት አብዛኛውን ጊዜ ይቻላል። ሁለተኛውን ለመብላት ግን አይቸኩሉ፤ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ወታደር አንድ ተጨማሪ እርምጃ ይከፍላሉ። ከበሉ በኋላ ፈረስና ጳጳስ ያውጡ፤ ንጉሡን ጥግ ያስገቡ። ጫናው ሲበረታ የበሉትን መልሰው ይስጡ፤ በምትኩ ንግሥት መለዋወጥ ካገኙ አይለፍዎት። ያልተጠበቀ ንግሥት ወይም ግንብ በነጻ ከቀረበ፣ እጅዎን ከመዘርጋትዎ በፊት «ይህን ብበላ ቀጣዩ ቼክ ከየት ይመጣል?» ብለው ይጠይቁ። በስታፎርድ ወጥመድ የሚገባ ሰው ሁሉ የሚዘለው ይህንን ጥያቄ ነው።

እንግዲህ ፍርዱ ይህ ነው። የንግሥት ጋምቢት ለማንም፣ በየትኛውም ሰዓት ይሆናል። ቤንኮና ማርሻል የሚቆሙ ናቸው፤ ግን ትዕግሥትና ጥናት ይጠይቃሉ። ኢቫንስ ለሚያድግ ተጫዋች ምርጥ ትምህርት ቤት ነው። የንጉሥ ጋምቢት ድፍረት ላለው ይሆናል፤ ጥቂት ብልጫ እየሰጠ መሆኑን አውቆ ይጫወተው። ስታፎርድንና መሰሎቹን ለአምስት ደቂቃ ጨዋታ ያቆዩአቸው፤ ሰፋ ያለ ሰዓት ባለው ጨዋታ ላይ አይመኩባቸው። የያዙትን ጋምቢት ደግሞ ተጋጣሚዎ ተሳስቶ ባሸነፉበት ጨዋታ አይመዝኑት። በደንብ የመለሰበትን ጨዋታ ከፍተው፣ ከመጀመሪያው እርምጃ እስከ መጨረሻው ይዩት። እዚያ ላይ የሚቆም ከሆነ ይያዙት፤ ካልቆመም ሌላ ለመማር ጊዜው አልረፈደም።